ማንን ላስቁምላችሁ?

የፓርላማ አባላችን ናቸው የጠየቁን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ይመጣብኛል። ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣብኛል። እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ተፈጥሮ ይውደም ብሎ ቢሮዬ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ዛፍ የሚጠላ፣ ወንዝ የሚጠላ አላጋጠመኝም። እናንተ ግን ሕግ ነው የምትፈልጉት። ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ነገር ያስቆማል። እና ማንን ላስቁምላችሁ?»

የምንኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ነው። ከብሎኮቹ ጀርባ አንዲት ጅረት አለች። ካርታ ላይ ስም ይኑራት አይኑራት እንጃ፤ ሰፈሩ «ወንዟ» እያለ ነው የሚጠራት። በበጋ ሴት ልጅ በአንድ እርምጃ ትሻገራታለች። ሐምሌ ሲገባ ግን ዋልካውን ተሸክማ እየጋለበች አቃቂ ትገባለች። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወስዳታል። ዳር ዳሯ ረግረግ ስለሆነ ቄጤማ ይበቅልበታል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የአካባቢው ልጆች ያንን ቄጤማ አጭደው በየብሎኩ ይዞራሉ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ደረጃ መውረድ ስለማትወድ ዘንቢል በገመድ ታወርድላቸዋለች። ብሩ ዘንቢሉ ውስጥ ይወርዳል፣ ቄጤማው ዘንቢሉ ውስጥ ይወጣል።

ሲኖው የሚመጣው ሌሊት ነው። መብራቱን አጥፍቶ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ሲነሳ ይሰማል፣ ከዚያ አፈሩ ይደፋል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አፈሩ ከመሀል ከተማ የተጫነ ነው፤ ቦሌና ካዛንቺስ ለፎቅ መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው። ያ ሁሉ አፈር የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ሹፌሩ በምልልስ ነው የሚከፈለው፣ ነዳጅ ውድ ነው፣ ስለዚህ ቅርብ ያለ ገደል ይፈለጋል። ክምሩ በዛ ሲል ግሬደር መጥቶ ይደለድለዋል። ትንሽ ቆይቶ በቆርቆሮ ይታጠራል። ቀጥሎ ዘበኛ ይቀመጣል። «የማን ነው ቦታው?» ስትለው «እኔ ምን አውቄ፣ ቅጥረኛ ነኝ» ይልሃል። እውነቱንም ነው።

ደጅ ጥናት

እንደማንኛውም ሰው ከታች ጀመርን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን። የፕላን ጉዳይ ነው ተባለ። ፕላን ያሉን ደግሞ የደንብ ማስከበር ነው አሉ። እዚያ ስንደርስ የአካባቢ ጥበቃ ነው ተባልን። የአካባቢ ጥበቃው ሰው በጨዋነት ተቀብሎን ሻይ ጋበዘን። ግንባታ ሲጀመርና የተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ሲቀርብለት እንደሚመረምር ነገረን። አፈር መድፋት ግን በእሱ ዓይን ግንባታ አይደለም። ማንም አልሰደበንም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀንም። ለእኔ ያስገረመኝ ይሄ ነው። ሁሉም «እኛን አይመለከትም» አሉ፣ ሁሉም ደግሞ በየፊናቸው ልክ ይመስሉ ነበር።

ሕግ ስለሌለ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሰው ሁሉ ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካንን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲያቅዱ አስተያየታችን እንዲሰማ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ። መንትያው፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ እኔ በጣም የምወደው አንድ ነገር አለው። ለመክሰስ «የራሴ ጥቅም ተነክቷል» ማለት አያስፈልግህም። ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ባገኘው ካልረካ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህን ሳነብ ጮቤ ረግጬ ነበር። ግን አዋጁ የሚያወራው ስለ ብክለት ነው። ንጹህ አፈር ንጹህ ረግረግ ላይ ሲደፋ ብክለት ነው ብለህ ዳኛ ፊት ብትቆም፣ የተከሳሹ ጠበቃ በአንድ ከሰዓት ይጨርስሃል።

እንግዲህ ወደ ሕግ አውጪዎቹ እንሂድ የሚለው ሐሳብ የመጣው ያኔ ነው። ሰፈሩ ተከፈለ። ግማሹ «ፖለቲካ ነው፣ ጣጣ አታምጡብን» አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። በዚህ የከተማ ዳርቻ ፕላን የሚለው ቃል ራሱ ደም የነካው ነው፤ በ2006 እና በ2008 በማስተር ፕላኑ ምክንያት የሆነውን ለማስታወስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። አንዲት በእርዳታ ድርጅት የምትሠራ ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰችን። በድሮው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት የመብት ጉዳይ ውስጥ መግባት አይችልም ነበር። አዲሱ፣ ቁጥር 1113/2011፣ ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉ በግልጽ ጽፏል። «ድርጅት ከቻለ ሰፈር እንዴት አይችልም?» አለች። የእድራችን ዳኛ ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጉት፦ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። የፓርላማዋን ሴትዮ ጥሩልኝ።»

ኮሚናሉ ውስጥ

የፓርላማ አባሏ የመጡት ምክር ቤቱ ተዘግቶ አባላቱ ወደ መራጮቻቸው በሚወጡበት ሰሞን ነው። ኮሚናሉ (የሰፈሩ የጋራ ቤት) ውስጥ የለቅሶ ወንበሮች ተደርድረዋል። ዝግጅታችን ያኮራ ነበር። ፎቶ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ልጆች የሳሉት ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንድ ወጣት ስለ ወፎቹ ተናገረ። አንዲት መምህርት ስለ መጪው ትውልድ ግጥም አነበበች። ሴትዮዋ ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው ብዕር ይዘው ነበር የሚያዳምጡት። እኔ ብዕሩን ነበር የማየው። አልጻፈም። ንግግሩ ሁሉ ሲያልቅ ገጹ ነጭ ነበር።

ያኔ ነው «ማንን ላስቁምላችሁ?» ያሉት።

ሹክሹክታው ቆመ። አንዱ «ባለሀብቶቹን» አለ። «የትኞቹን? እናንተም የምትኖሩት ጤፍ ማሳ ላይ በተሠራ ሕንፃ ነው» አሉ፣ ያለ ክፋት። ሌላው «ሲኖዎቹን» አለ። «ሹፌሩን ማስቆም የትራፊክ ሥራ ነው። ለዚያ አዋጅ አያስፈልግም።» ሦስተኛው «መንግሥትን» ሊል አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ሰው ሳቀ።

ከኋላ ወንበር አንድ አባባ ተነሡ። ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት እዚሁ ያርሱ የነበሩ ናቸው፤ ዛሬም ከወንዟ ማዶ ቁራሽ መሬት አላቸው። አማርኛቸው በኦሮምኛ ቅላጼ የለሰለሰ ነው። «ልጄ» አሏቸው የፓርላማ አባሏን፣ «እኛ ውሃውን ጠልፈን ጓሮ ለማጠጣት ስንፈልግ ሽማግሌ እንጠይቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ስር ይቀመጣሉ፣ የታችኛው ሰፈር ሰው ተጠርቶ ይመጣል፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው። አሁን ውሃውን ሲደፍኑት እኔ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። እነሱም ማንን እንደጠየቁ አላውቅም። እሱን ንገሪኝ።» ተቀመጡ።

ብዕሩ መጻፍ ጀመረ።

እሳቸው ሲጽፉ እኔም አንድ ነገር ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ስለ ወንዟ ነበር የምናወራው። አባባ ያወሩት ስለ ፈቃድ ነው። ማን ይጠየቃል? ማን ፊት? ከታች ያለው ሰው ይሰማል ወይ? ወንዟን የሚገድላት የተፈጥሮ ጠላት የሆነ ሰው አይደለም። ምንም የማይጠላ ሰው፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ፣ ሌላ ሰው በማያይበት ሰዓት የሚፈርመው ወረቀት ነው።

አረንጓዴው ቀለም

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በጥቅሉ ያሳያል፤ ዋና ዋና መንገዱን፣ መኖሪያውን፣ ፋብሪካውን፣ አረንጓዴውን። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ሰፈር ድረስ ወርዶ ዝርዝሩን ይወስናል። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 እስከ 2019 የሚያገለግል ነው። መርሁን ሁላችንም በቴሌቪዥን ሰምተነዋል፦ 30 በመቶ አረንጓዴ፣ 30 በመቶ መንገድ፣ 40 በመቶ ግንባታ። ቆንጆ ቁጥር ነው። ችግሩ፣ የመንገድ አካፋይ ላይ የተነጠፈ ሣርም አረንጓዴ ነው፣ ረግረግም አረንጓዴ ነው። ሣሩን ነገ ሌላ ቦታ ታነጥፈዋለህ። ረግረጉን ከሞላኸው በኋላ ሌላ ቦታ ማንጠፍ አይቻልም። ውሃው የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ውሃው ብቻ ነው። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይሄን ከግድግዳው ስንጥቅ ተምሮታል።

(በነገራችን ላይ፣ አረንጓዴ ያየ ሁሉ ደን አየሁ ማለቱም ያናድደኛል። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ማገዶ ጠፍቶ ከተማው ሊነቀል ሲል የገባ ነው። ከተማውን አድኖታል፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ጽድና ኮሶና ወይራ የሚያደርገውን አያደርግም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሰዎች ይሄን ልዩነት ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደደከሙ ሄዶ ማየት ነው።)

የሰፈራችን ልጅ፣ መሐንዲስ ናት፣ ስልኳን አውጥታ ለሴትዮዋ ሁለት ፎቶ አሳየች። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ የወንዟ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው። በኋላ ባገኘችው የሰፈሩ ፕላን ቅጂ ላይ ግን ያው ቦታ ቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያም ንግድም የሚሠራበት) ሆኗል። መዋቅራዊው ሲጸድቅ ስብሰባ ተጠርቷል፣ ዜና ላይ ታይቷል፣ የከተማው ምክር ቤት እጅ አውጥቶበታል። ቀለሙ ሲቀየር ግን ሰፈራችን ውስጥ የሰማ የለም። ሴትዮዋ ሁለቱን ፎቶ እያፈራረቁ ቆዩና «ይሄ ነው ጥያቄያችሁ» አሉ። «እጅ ወጥቶ የጸደቀ ቀለም፣ እጅ ሳይወጣ አይቀየርብን በሉ። ለዚህ ለመከራከር ስለ ወፍ መስማማት እንኳ አያስፈልገኝም።»

የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ አስከፍታኛለች፣ አልዋሽም። ወፎቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ልክ ናቸው። ሕግ አውጪ ፊት ስትቀርብ አንተ የምትወደውን ነገር እንዲወድልህ ከጠበቅህ ዕድሜህን ትጨርሳለህ። አንድ ረቂቅ ምክር ቤት ሲገባ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የሚመለከታቸውን ጠርቶ ያወያያል፤ ከዚያ ነው ተመልሶ ድምፅ የሚሰጥበትና ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚወጣው። የኮሚቴው አባል እጅ ላይ ሊገባ የሚችለው ዓረፍተ ነገር ነው። ግጥም አይገባም።

ደግሞ ወፍ የማይወደው አባልም ቆስጣ ይበላል። የአቃቂን ውሃ ጠልፎ የሚለማው አትክልት ተመልሶ የሚሸጠው እዚሁ አዲስ አበባ ገበያ ነው። በዚያ ውሃና በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ቄጤማና ፊላ የበቀለበት ረግረግ ከሚመጣው ቆሻሻ የተወሰነውን ያስቀራል፣ ጎርፉንም ያበርዳል። ያን ደፍነን በኋላ ማጣሪያ በብድር እንገነባለን። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበርን። ከሁለቱም በኋላ ብዙ ተወርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሦስት ወንበር

ሌላው ያልጠበቅነው ነገር የበሩ ብዛት ነው። «እኔ መንካት የምችለው የፌዴራሉን አዋጅ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። የወንዛችሁ ራስ ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው ያለው። የዚያኛው የኦሮሚያው ምክር ቤት፣ የጨፌው ነው።» ሸገር ከተማ በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ ከሰፈራችን ሁለት ማቆሚያ አልፈህ ስትወርድ ሌላ አስተዳደር ነህ። ወንዟ ከዚያ ተነሥታ፣ በእኛ በኩል አልፋ፣ ተመልሳ እዚያው ትገባለች። ከላይ የሚያጠጣን ለገዳዲም ገፈርሳም ከከተማው ወሰን ውጭ ናቸው። ከታች የኛን ቆሻሻ የሚቀበለው የአቃቂ ዳር ገበሬም እንደዚያው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ላይ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ረገድ የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅና ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን ከጻፈ 30 ዓመት አልፎታል። ይሄን ክር መምዘዝ የጀመረ ሰው ሌላ ቦታ ነው የሚደርሰው፣ እኔም እዚህ ላይ ልተወው። ለእኛ ያለው ትርጉም ግን ቀላል ነው። ደብዳቤው አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ አንዱም በኦሮምኛ ነው የሚጻፈው። አባባና የልጅ ልጃቸው ይዘውታል።

የፌዴራሉን ደብዳቤ ያረቀቅነው መሐንዲሷ፣ የእድሩ ዳኛና እኔ ነን። ሦስት ነጥብ አለው። በመዋቅራዊ ፕላን አረንጓዴ ወይም የውሃ ዳርቻ ተብሎ የጸደቀ ቦታ፣ ያጸደቀው ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ካልወሰነ በስተቀር ለሌላ አገልግሎት አይውልም። ለውጡ ከመወሰኑ በፊት ቦታው ላይና በአካባቢው ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ሰው ይሰማል። ከዚህ ውጭ የተሰጠ ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ የተደፋውን አፈር የሚያስነሳውም ያስደፋው ነው። መግቢያው ላይ ስለ ወንዟ ውበት አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር። ሴትዮዋ በስልክ ሲያነቡት «እሱን ለብሎግህ አድርገው» አሉኝ።

ጨረቃ ቤት

ነገሩ ያልቀለለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የፈረመ ሰው አለ። ያልፈረመችው ግን እንጀራ የምታከፋፍልልን እህታችን ናት። ወንድሟ ከወንዟ ዳር ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት አለው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። «ሕጋችሁ መጀመሪያ የሚያፈርሰው የሱን ነው» አለችኝ። «ባለ ሲኖው ጠበቃ አለው። ወንድሜ ምን አለው?» መልስ አልነበረኝም። አረንጓዴ ይሆናል የተባለ ቦታ መጀመሪያ የሚጸዳው ከድሃ ነው። ዶዘር በጠዋት ይመጣል፣ ከዚያ ችግኝ ይተከላል፣ ከዚያ ሪባን ይቆረጣል። ያን ያየ ሰው «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መሐንዲሷ አጥብቃ ትከራከራለች። ረግረግ ላይ ቤት አይሠራም፣ ጎርፉ መጀመሪያ የሚወስደው እነዚያን ልጆች ነው ትላለች። ትክክል ናት። የእድሩ ዳኛ ደግሞ «ምትክ ሳይሰጡት ሰው ከቤቱ አይነሳም የሚል ጨምሩበት» ይላሉ። እሳቸውም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ባየሁት መጠን፣ ለውጥ ሁሉ ቦታው ላይ ተለጥፎ በግልጽ ስብሰባ ይወሰን የሚለው ነጥብ ወንድሟንም ይጠቅማል። ዛሬ ፈራሽ መሆኑን የሚያውቀው ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ ሲቀባ ነው። ይሄን ነገርኳት። «እሱማ ጥሩ» አለች፣ «ግን ወረቀቱ ላይ የለም።»

አልነበረም። ስለዚህ አራተኛ ነጥብ እየጻፍን ነው። የመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ምክር ቤቱ ሲከፈት ደብዳቤው እንዲገባ ነበር ያሰብነው። አሁን ይዘገይ ይሆናል። መሐንዲሷ አራተኛው ነጥብ ሦስቱን ያሰምጣቸዋል ብላ ተቆጥታለች፣ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችልኝም። ዳኛው ግን የእንጀራዋ እህታችን ስም ከሌለበት ማኅተም አልመታም ብለዋል። መዋቅራዊ ፕላኑ 2019 ላይ ጊዜው ያበቃል፣ ተከታዩ የሚዘጋጅበት ጊዜ ደርሷል፤ እኛ ደግሞ ኮሚናሉ ውስጥ «ምትክ» ከሚለው ቃል በፊት «ተመጣጣኝ» ይግባ አይግባ እየተጨቃጨቅን ነው። ቅዳሜ ከእድር በኋላ እንቀጥላለን። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፣ ወንበር ግን ከቤት ይዛችሁ ኑ፤ የለቅሶው ወንበር ሌላ ብሎክ ሄዷል።